የባለሙያ ምላሽ፦ ካንሳስ የሰፈረውን የባለቤቴን የአያት አያት ፍለጋ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የአያቱ አያት እ.ኤ.አ. በ1879 ከኬንታኪ ተነስቶ በሸራ ጋሪ ወደ ምዕራብ እንደ መጣ፣ ካንሳስ ውስጥ ኒኮዲመስ በምትባል የጥቁሮች መንደር መንግሥት 40 ኤከር መሬትና አንድ በቅሎ ሰጥቶት እንደ ሰፈረ በቤተሰቡ ይወራል። በ1863 ሊንከን ነጻ ያወጣው ነው ይላሉ። በእጃችን ያለው በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፈ የእሱና የሚስቱ ስም ብቻ ነው። በአንድ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ከፍዬ ስፈልግ በዚያው ስም አሥራ አንድ ሰው መጣብኝ፤ አንድ ሰው የሠራው የዘር ሐረግ ደግሞ አባቱ ነጭ ባለመሬት ነው ይላል። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው በኩል ግን ሦስተኛው ላይ ይቆማሉ። የዲኤንኤ ምርመራ ልግዛ? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦ ከዲኤንኤ አይጀምሩ፤ ከኬንታኪም አይጀምሩ። ከመሬቱ ይጀምሩ። በእኛ አገር ሰው አጥንት ቆጥሮ እስከ አቅኚው አባት የሚደርሰው ርስቱን ለመጠየቅ ነበር፤ ዘሩን ይዞ ወደ መሬቱ ይሄዳል። በእርስዎ ጉዳይ መንገዱ ይገለበጣል፦ መሬቱን ይዘው ወደ ሰውዬው ይሄዳሉ። ከባርነት የወጣ ሰው ስለ ራሱ ተጠይቆ፣ የተናገረው ቃል በስሙ በጽሑፍ ሰፍሮ የተቀመጠበት ወረቀት ብዙ ጊዜ ከመሬት ፋይሉ በፊት አይገኝም።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት በቤተሰቡ ወሬ ውስጥ ያሉትን ስህተቶች ላርም። የተሳሳተ ዓመትና የተሳሳተ ሕግ ይዞ መዝገብ ቤት የገባ ሰው የሚያስከፍተው የተሳሳተ ሣጥን ነው።

«40 ኤከርና በቅሎ» የሚባለው ነገር መነሻው እውነት ነው፤ ግን የካንሳስ ታሪክ አይደለም። ጄኔራል ሸርማን በጥር 1865 ባወጡት ትእዛዝ በሳውዝ ካሮላይና፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ የባሕር ጠረፍ ያለው መሬት ከባርነት ለወጡ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር እየተሸነሸነ እንዲሰጥ ሆኖ ነበር። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት ሻሩት፤ መሬቱም አብዛኛው ወደ ቀድሞ ባለቤቶቹ ተመለሰ። ካንሳስ የገቡት ሰዎች የተጠቀሙት በሌላ ሕግ ነው፤ በ1862 በወጣው የሆምስቴድ ሕግ። የሚያስገኘው 160 ኤከር ነበር፤ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ነጻ ስጦታ ግን አልነበረም። አመልካቹ በድምሩ 18 ዶላር ያህል የመዝገብ ክፍያ ይከፍላል፣ በመሬቱ ላይ ቤት ሠርቶ አምስት ዓመት ይኖራል፣ ያርሳል፣ በመጨረሻም ይህን ሁሉ ማድረጉን በእማኝ ያረጋግጣል። መሬቱ «የመንግሥት» የተባለው ደግሞ ነባሮቹ ሕዝቦች ከላዩ ከተገፉ በኋላ መሆኑን ለልጆችዎ ሳይነግሯቸው አይለፉ። ኒኮዲመስ ላይ በመጀመሪያው ክረምት ምግብ ያካፈሏቸው ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሰዎች እንደ ነበሩ ሰፋሪዎቹ ሲናገሩ ኖረዋል።

የ1863ቱም ነገር እንደዚሁ ነው። የሊንከን አዋጅ የሚመለከተው በእርስ በርስ ጦርነቱ ያመፁትን ግዛቶች ነበር። ኬንታኪ ከኅብረቱ ጋር የቆመች ግዛት ስለ ነበረች አዋጁ አልነካትም፤ ባርነት እዚያ በሕግ ያበቃው በታኅሣሥ 1865፣ በ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት ኬንታኪ ውስጥ ነጻ የወጣ ወጣት ወንድ ካለ ዋነኛው መንገድ አንድ ነበር፤ ወታደር መሆን። ወደ 24,000 የሚጠጉ የኬንታኪ ጥቁሮች በሰሜኑ ጦር ተሰልፈዋል፤ ከሉዊዚያና በቀር ከዚያ በላይ ያዋጣ ግዛት የለም። ትልቁ የምልመላ ሰፈር ካምፕ ኔልሰን ነበር። በመጋቢት 1865 የወጣ ሕግ ደግሞ የእነዚህን ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች ነጻ አደረገ። ስለዚህ «ከጦርነቱ ማለቂያ በፊት ነጻ ወጣ» የሚለው የቤተሰቡ ወሬ ውስጥ እውነት ካለ፣ ሰውዬው ወታደር ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ይያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዓመቱና ጋሪውም ያጠራጥሩኛል። በ1879 በብዛት የፈለሱት፣ «ኤክሶደስተርስ» የተባሉት፣ በአብዛኛው ከሚሲሲፒ፣ ከሉዊዚያና፣ ከቴክሳስና ከቴነሲ የተነሱ ናቸው፤ ብዙዎቹም በእንፋሎት መርከብ ሚሲሲፒን ወንዝ ሽቅብ ይዘው ሴንት ሉዊስ የወረዱ። የኒኮዲመስ ሰዎች ግን ቀድመዋቸዋል። መንደሯ የተቆረቆረችው በ1877 ነው፤ እኛ ዘንድ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዙፋን በነበሩበት ዘመን። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወደ 30 ሰዎች፣ በመስከረም ደግሞ ከ300 በላይ ሰዎች ከኬንታኪ፣ ከሌክሲንግተንና ከጆርጅታውን አካባቢ ገቡ፤ በ1878 ተጨማሪ ቡድኖች ተከተሉ። የመጡትም በባቡር ነው። ኤሊስ የምትባል ጣቢያ ይወርዱና ቀሪውን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሜዳ ሁለት ቀን ያህል ይጓዙታል። በ1878 ጸደይ የገባች ዊሊና ሂክማን የተባለች ሴት ያንን ቀን ተርካ ትታለች። ወንዶቹ «ያችት ኒኮዲመስ!» እያሉ ሲጮሁ እሷ ቤት ፈልጋ አጣች። የት አለ ስትል ባሏ ከመሬት ሥር ሽቅብ የሚወጣውን ጭስ አሳያት፤ ሰዎቹ የሚኖሩት ቆፍረው በሠሩት ጉድጓድ ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ አለቀሰች። የባለቤትዎ የአያት አያት ሚስትም ያየችው ይህንኑ ሊሆን ስለሚችል ስሟን ከባሏ እኩል ይፈልጉ።

ወደ መሬቱ እንግባ። ለሆምስቴድ የተሰጡ የባለቤትነት ሰነዶች ቅጂ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድረው የመሬት መዝገቦች ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ካንሳስ፣ ግራም ካውንቲ (ኒኮዲመስ ያለችበት) ብለው በሰውዬው የቤተሰብ ስም ይፈልጉ። ካገኙት የሚመጣልዎ አንድ ገጽ ሰነድ ነው፦ ስም፣ ቀን፣ የመሬቱ አድራሻ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደስ ብሎት ይቆማል፤ ስህተቱም ይኸው ነው። ያ ገጽ የደረሰኝ ያህል ነው እንጂ ታሪኩ የለበትም። ታሪኩ ያለው በዚያ ሰነድ ቁጥር በተቀመጠው ሙሉ ፋይል ውስጥ ነው፤ ፋይሉም ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ለእርስዎ ብሩምፊልድ ያለው የቤተ መዛግብቱ ቅርንጫፍ ቅርብ ነው፤ ግን ይህ ፋይል እዚያ ስለሌለ አይልፉ። ከዋሽንግተን በክፍያ ይታዘዛል።

ፋይሉ ውስጥ ምን አለ? ማመልከቻው አለ፣ የክፍያ ደረሰኞቹ አሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን አምስቱ ዓመት ሲሞላ የሰጠው የመጨረሻ ማረጋገጫ አለ። የታተመ መጠይቅ ነው። ዕድሜህ ስንት ነው? የት ተወለድክ? በመሬቱ ላይ ከመቼ ጀምሮ ትኖራለህ? ቤተሰብህ ስንት ነው? ቤቱ ምን ዓይነት ነው? ስንት ኤከር አርሰሃል፣ ስንት ዓመት ዘርተህ አጭደሃል? ከመሬቱ ርቀህ ታውቃለህ፣ ለምን? መልሱ በጸሐፊ እጅ ይሞላል። በሣራማ አፈር ጡብ የተሠራ ቤት ርዝመቱና ስፋቱ በጫማ፣ የጉድጓድ ውኃው፣ የከብት በረቱ፣ ምርቱ በድርቅ መጥፋቱ፣ ሰውዬው ቤተሰቡን ትቶ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ባቡር ሐዲዱ መሄዱ፤ እንዲህ ያለው ነገር ነው በዚህ መጠይቅ መልሶች ውስጥ የሚገኘው። ከግርጌው ፊርማውን ይመልከቱ። መጻፍ የማይችል ከነበረ ጸሐፊው ስሙን ሲጽፍለት በመጠሪያ ስሙና በቤተሰብ ስሙ መካከል ክፍት ቦታ ይተውለታል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ሰውዬው በገዛ እጁ የመስቀለኛ ምልክት ያደርጋል፤ ከምልክቱ በላይ «የእሱ»፣ ከታች «ምልክት» ተብሎ ይጻፋል። ያ ቀለም የእሱ እጅ ያሳረፈው ነው። ለልጆችዎ ከማንኛውም የዘር ሠንጠረዥ ይልቅ እሱን ያሳዩአቸው።

ከእሱ ቃል ቀጥሎ የሁለት እማኞች ቃል አለ፤ ለእርስዎ ፍለጋ ከእሱ ቃል እኩል ዋጋ አለው። ከ1879 ጀምሮ አመልካቹ ማረጋገጫውን ከመስጠቱ በፊት በአካባቢው ጋዜጣ እንዲያስነግር ሕጉ ያስገድድ ስለ ነበር፣ ማስታወቂያው ላይ አራት የእማኝ ስሞች ይወጣሉ። እነዚህ ሰዎች መንገደኛ አይደሉም። ብዙ ጊዜ አማች፣ የአክስት ልጅ፣ ወይም ከኬንታኪ አብሮ የተነሳ ጎረቤት ናቸው። አራቱንም ስሞች በማስታወሻ ደብተርዎ ይጻፏቸው። ኬንታኪ ሲደርሱ የባለቤትዎን የአያት አያት የሚለዩልዎ እነሱ ናቸው።

ስሙ በድረ ገጹ ላይ ከሌለ ተስፋ አይቁረጡ፤ አለመኖሩ አለመስፈሩን አያሳይም። ድረ ገጹ የሚያሳየው የተሳካላቸውን ብቻ ነው፤ ከሆምስቴድ አመልካቾች መካከል እስከ መጨረሻው ያልዘለቁ በጣም ብዙ ናቸው። የተሰረዘ ማመልከቻም ፋይል አለው፤ ፋይሉን ለማግኘት ግን ቁጥሩን ከመሬት ቢሮው የቁራሽ መሬት መዝገቦች (ትራክት ቡክስ) ማውጣት ያስፈልጋል፤ እነዚህ መዝገቦች ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ተነስተው በነጻ ይታያሉ። ሰውዬው አምስት ዓመት ሳይጠብቅ በኤከር 1.25 ዶላር ከፍሎ ጨርሶትም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰነዱ በጥሬ ገንዘብ ግዢ ስም ይገኛል። አለዚያም ማረጋገጫው ሳይደርስ ሞቶ ሚስቱ ጨርሳው ይሆናል፤ ስለዚህ በእሷም ስም ይፈልጉ። ከሌላ ሰው የገዛ ከሆነ ወይም መንደሩ ውስጥ ቦታ ብቻ የነበረው ከሆነ ደግሞ የፌዴራል መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ ሂል ሲቲ ያለው የካውንቲው የርስት መዝገብ ቤት መጠየቅ አለበት።

የመሬቱ አድራሻ ለእኛ ሰው እንግዳ ስለሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ካንሳስ የተለካችው በካሬ ነው። ታውንሺፕ የሚባለው በስድስት ማይል በስድስት ማይል የሆነ ካሬ ሲሆን በ36 ሴክሽን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሴክሽን 640 ኤከር ነው። የሴክሽኑ ሩብ 160 ኤከር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሆምስቴድ ነው። ስለዚህ «ሰሜን ምሥራቅ ሩብ» የሚለውን ሐረግ፣ የሴክሽኑን፣ የታውንሺፑንና የሬንጁን (ታውንሺፑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለበትን ረድፍ) ቁጥር ከያዙ ዛሬም መኪናዎን አቁመው መሬቱን ማየት ይችላሉ።

ፋይሉ እስኪመጣ ድረስ ወደ ቆጠራው ይሂዱ። የፌዴራሉ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ነው። የ1880ው ቆጠራ የቤተሰቡን አባላት ከነዝምድናቸው፣ የእያንዳንዱንም ወላጆች የትውልድ ግዛት ይመዘግባል። እዚህ ላይ የልጆቹን የትውልድ ቦታ ይመልከቱ። ኬንታኪ የተወለደው የመጨረሻ ልጅና ካንሳስ የተወለደው የመጀመሪያ ልጅ ባላቸው ዕድሜ መካከል የተሻገሩበት ዓመት አለ። ቤተሰቡ 1879 ቢልም ካንሳስ የተወለደ የሁለት ዓመት ልጅ ካገኙ ወሬውን ትተው ልጁን ይመኑ። የ1890ውን ቆጠራ አይፈልጉት፤ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በደረሰ ቃጠሎ ተበላሽቶ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ሰው ሁሉ «መዝገቡ ተቃጥሏል» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው፤ የተቃጠለው ግን ያ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም።

እድለኛ ነዎት፣ ምክንያቱም ካንሳስ የራሷን ቆጠራ ታደርግ ነበር፤ በ1875፣ በ1885፣ በ1895፣ እንዲህ እያለ እስከ 1925። በዚህ ቆጠራ ላይ በፌዴራሉ ቆጠራ የማይገኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ ወደ ካንሳስ የመጣኸው ከየት ነው? የተወለደበት ቦታ አይደለም፤ የመጣበት ነው። ኬንታኪ ተወልዶ ቴነሲ ወይም ሚዙሪ ቆይቶ የመጣ ሰው የሚገኘው በዚህ ጥያቄ ነው። የ1885ቱ ደግሞ የጦር አገልግሎትን፣ ክፍለ ጦሩንና ሻምበሉን ጭምር ይመዘግባል። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኩት ይህ ነው። በስሙ ትይዩ የክፍለ ጦር ቁጥር ካዩ ፍለጋዎ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ይቀየራል።

ወታደር ከነበረ የጡረታ ፋይል ሊኖረው ይችላል፤ ከጥቁር ወታደሮች የጡረታ ፋይሎች የሚበልጥ የቤተሰብ ሰነድ ለዚያ ዘመን አላውቅም። ወታደሩ የልደትም የጋብቻም ወረቀት ስለሌለው ማንነቱን በሰው ቃል ነበር የሚያረጋግጠው። አብረውት ያደጉ፣ በአንድ ጌታ ሥር የነበሩ፣ በሠርጉ ላይ የተገኙ ሰዎች እየተጠሩ በመሐላ ይናገራሉ። መበለቲቱ ባሏን መቼና የት እንዳገባች፣ ልጆቿ መቼ እንደ ተወለዱ፣ የሞቱባትም ስንት እንደሆኑ ትቆጥራለች። የአገልግሎት ፋይሉም ብዙ ጊዜ የቀድሞ ጌታውን ስም ይይዛል፤ በኬንታኪ ያሉ ባሪያ አሳዳሪዎች አገልጋያቸው ወታደር ስለ ሆነባቸው ካሣ ለመጠየቅ ያመለክቱ ስለ ነበር።

አሁን ስለ አሥራ አንዱ ሰዎች። ስም ብቻውን ማንንም አይለይም፤ በተለይ በእኛ ልማድ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት መጠሪያ ስም ነው፤ በትውልድ ይቀየራል። እዚህ ግን የቤተሰብ ስም ወርዶ ወርዶ ይመጣል፤ የሰውዬውን አባት ስም አይነግርዎትም። ነጻ የወጡት ሁሉ የመጨረሻ ጌታቸውን ስም ወሰዱ የሚለውም ትክክል አይደለም። አንዳንዱ የቀድሞውን ጌታ፣ አንዳንዱ አባቱ የሚታወቅበትን፣ አንዳንዱ ራሱ የወደደውን ስም ያዘ። የፊደል አጻጻፉም በጸሐፊው ጆሮ ነው የሚወሰን፤ ዕድሜም በየቆጠራው ሁለት ሦስት ዓመት ይዘላል። ስለዚህ አሥራ አንዱን ሰው የሚያጣሩት በስም ሳይሆን በስብስብ ነው፦ የሚስት ስም፣ የልጆች ስምና ቅደም ተከተል፣ ጎረቤት። ከሦስቱ ሁለቱ ካልገጠሙ ያ ሰው የእናንተ አይደለም፤ ምንም ያህል ልብዎ ቢፈልገው።

ወደ ኬንታኪ የሚሻገሩት ይህን ሁሉ ከያዙ በኋላ ነው። እዚያ የሚጠብቅዎ በር 1870 ነው። ባርነት ካበቃ በኋላ የተደረገው የመጀመሪያው ቆጠራ እሱ ስለ ሆነ ከባርነት የወጡ ሰዎች በስማቸው የተመዘገቡት ያን ጊዜ ነው። በ1850 እና በ1860 በባርነት ያሉ ሰዎች የተቆጠሩት በጌታቸው ስም ሥር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ነው፤ ስም የላቸውም። በ1870 የባለቤትዎን የአያት አያት ሲፈልጉ በካንሳስ እማኞቹ የነበሩትን አራት ሰዎችም አብረው ይፈልጉ። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ከተገኙ ካውንቲውን አገኙት።

ከ1870 ወደ ኋላ የሚያሻግሩ ጥቂት ድልድዮች አሉ። ኬንታኪ በ1866 ባወጣችው ሕግ በባርነት ዘመን አብረው ይኖሩ የነበሩ ጥንዶች በካውንቲው ጸሐፊ ፊት ጋብቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ፈቅዳለች። ከባርነት ነጻ የወጡትን ይረዳ የነበረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የነጻ ወጪዎች ቢሮ (ፍሪድመንስ ቢሮ)፣ ከ1865 እስከ 1872 ያስቀመጣቸው የሥራ ውሎች፣ አቤቱታዎችና የዕርዳታ መዝገቦች አሉ። የነጻ ወጪዎች የቁጠባ ባንክም ሌክሲንግተን ቅርንጫፍ ነበረው፤ ደብተር የከፈተ ሰው የተወለደበትን ቦታ፣ የወላጆቹንና የወንድም እህቶቹን ስም፣ አንዳንዴም የቀድሞ ጌታውን ያስመዘግብ ነበር። የቢሮውም የባንኩም መዝገቦች ፋሚሊሰርች ላይ በነጻ ይገኛሉ። ከእነዚህ የአንድ ባሪያ አሳዳሪ ስም ከወጣ ቀጥሎ የሚታየው የዚያ ሰው ኑዛዜና የውርስ ቆጠራ ነው፤ በካውንቲው ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ። በውርስ ቆጠራ ውስጥ የሰው ስም ከፈረስና ከማረሻ ቀጥሎ፣ በትይዩው የዶላር ዋጋ ተጽፎ ይገኛል። እናት አንድ ወራሽ፣ ልጇ ሌላ ወራሽ ደርሷቸው ያዩ ይሆናል። ያንን ገጽ መጀመሪያ ባለቤትዎ ብቻቸውን ይዩት፤ ለልጆቹ መቼና እንዴት እንደሚነገራቸው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የእኛ ልጆች ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ስሙን እያወራረደ ያቆየላቸው ሰው ስላለ ነው። በአባታቸው በኩል ቆጠራው የቆመው የረሳ ሰው ኖሮ አይደለም፤ ሰዎቹን እየነጣጠለ የሸጣቸው ስለ ነበር ነው። ይህን ልዩነት ልጆቹ በደንብ ይወቁት።

ስለ ነጩ ባለመሬት፦ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሆኗል። ያ የዘር ሐረግ ግን ማስረጃ አይደለም። ሥሩ ምን ሰነድ አለ ብለው ይክፈቱት። ከሌላ ሰው የዘር ሐረግ የተገለበጠ ከሆነ አንድ ግምት አሥር ቦታ ተጻፈ እንጂ አሥር ማስረጃ አልሆነም። በባለቤትዎ ምርመራ ላይ የአውሮፓ ዝርያ መታየቱም ይህን አባት አያረጋግጥም፤ ያ ዝርያ ከየትኛውም የዘር መስመር ሊመጣ ይችላል።

ዲኤንኤው ጥቅም የለውም አልልም፤ ተራው አሁን አይደለም እላለሁ። ባለቤትዎ ከአያታቸው አያት የሚኖራቸው በአማካይ ከመቶ ስድስት ገደማ ነው፤ ልጆችዎ የዚያ ግማሽ። ምርመራው የሚሰጥዎ የማያውቋቸውን የሩቅ ዘመዶች ዝርዝር ነው። የሦስተኛ ደረጃ የአጎት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ይታያሉ፤ አራተኛ ደረጃ ላይ ግን ግማሾቹ ያህል ዘመድ ሆነው ሳለ ምንም አይጋሩም። የእማኞቹንና የጎረቤቶቹን የቤተሰብ ስም ሳያውቁ ዝርዝሩን ቢያገኙ ማንን ከማን ጋር ያገናኛሉ? ስለዚህ ወረቀቱ ይቅደም። ሲያስመረምሩም መጀመሪያ የሚመረመሩት ባለቤትዎ አይሁኑ፤ በዚያ ወገን በሕይወት ያሉት እጅግ አንጋፋው ሰው ይሁኑ፤ በእያንዳንዱ ትውልድ ግማሹ ይጠፋልና። ውጤቱ የማይጠበቅ አባት ወይም ወንድም ሊያመጣ እንደሚችል አስቀድመው ይንገሯቸውና በፈቃዳቸው ይሁን።

ወሰኑንም ይወቁ። በደንብ ከተሠራ ካንሳስ ላይ የነበረው ሕይወቱ ሙሉ ሆኖ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ኬንታኪ ላይ እስከ 1870 ብዙዎች ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ ትውልድ፣ የእናቱን ስም፣ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ወደ አፍሪካ የሚያደርስ በስም የተያያዘ ሰነድ እሰጥዎታለሁ የሚል ካገኙ ገንዘብዎን ይያዙ።

ምክሬ ይህ ነው፦ በዚህ ሳምንት የመሬቱን ሰነድ ፈልገው ሙሉውን ፋይል ይዘዙ፤ ለድረ ገጹ የሚከፍሉትን ወርሃዊ ክፍያ ያቁሙ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹ እነዚያኑ ድረ ገጾች በነጻ ያስከፍታሉ። ዴንቨር ውስጥ ፋይቭ ፖይንትስ ያለው የብሌር ካልድዌል የጥቁር አሜሪካውያን የምርምር ቤተ መጻሕፍት ለእርስዎ ቅርብ ስለሆነ ባለቤትዎንና ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ። ቶፒካ ያለው የካንሳስ ታሪክ ማኅበር የድሮ ጋዜጦቹንና የግዛቱን ቆጠራ ይዟል። ኒኮዲመስ በ1880ዎቹ የራሷ ጋዜጦች ነበሯት፤ «ዌስተርን ሳይክሎን» በ1886 ጀምሯል። ማን ታመመ፣ ማን ቤት ሠራ፣ ማን ከኬንታኪ እንግዳ መጣበት፤ እንዲህ ያለው የመንደር ወሬ የሚገኘው በእንዲህ ባሉ ጋዜጦች ላይ ነው።

መንደሯም ዛሬም አለች፤ ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ የታሪክ ቦታ ናት። ለእናንተ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ አካባቢ የሰፋሪዎቹ ልጆች ከየአገሩ ተሰብስበው የነጻነት ቀንን ያከብራሉ። የአራቱን እማኞች ስም ይዘው ከሄዱ የእነሱን የልጅ ልጆች እዚያ ያገኙ ይሆናል። የሩብ ሴክሽኑን አድራሻም ይያዙ፤ መሬቱ አሁን የሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል ግን ሳያስፈቅዱ አጥሩን አይለፉ።

ፋይሉ እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያው በባለቤትዎ ወገን በሕይወት ያሉትን አንጋፋ ሴት ዛሬ ማታ ይደውሉላቸው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን በስልክዎ ይቅዱ። «አያትዎ ከየት መጡ» ብለው አይጠይቁ፤ ያንን መልስ አስቀድመው ሰምተውታል። ማን ተቀብሮ ሲለቀስ እንደሚያስታውሱ፣ ሬሳው ከየት ወደ የት እንደ ተወሰደ፣ ከኬንታኪ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እንደ ነበረና ምን ብለው ይጠሩት እንደ ነበር ይጠይቋቸው። ያንን መጽሐፍ ቅዱስም አምጥተው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ፣ ባዶ የመሰለውንም ጭምር፣ በደህና ብርሃን ፎቶ ያንሱት።